«እኔ እኮ ፕሮግራመር ነኝ» የሚለው ሰው እና የተከፈተው ፓናል

ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ ሲወራ ቶሎ ትዝ ሚለን ፖል ላይ የወጣ ሰራተኛ ወይ ትልቅ ትራንስፎርመር ስር የቆመ ሰው ነው። እኔን ከሁሉም በላይ ሚያሳስበኝ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ላፕቶፑን የኬብል ካርቶን ላይ አስቀምጦ በሩ ወለል ብሎ ከተከፈተ ኮንትሮል ፓናል (የማሽኑ ማብሪያና መቆጣጠሪያ እቃ ያለበት ሳጥን) ፊት ቁጭ ብሎ ፒኤልሲ፣ ማሽኑን ሚያዘውን ኮምፒውተር፣ ሚያርመው ኢንጂነር። ይሄ ሰው ራሱን የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነኝ ብሎ አያስብም። «እኔ እኮ ፕሮግራመር ነኝ፣ ሽቦ አልነካም» ይላል። የሴፍቲ ስልጠና ሲኖር ቴክኒሻኖቹ ይሄዳሉ እሱ ግን ዴድላይን አለብኝ ብሎ ይቀራል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ፓወር ያለው ፓናል ፊት እንደሱ ረጅም ሰአት የሚቆይ ሰው የለም። ኤሌክትሪሺያኑ አጥፍቶ ነው ሚሰራው፣ ሲጨርስ ዘግቶ ይሄዳል። ፕሮግራመሩ ግን ፓወር ከሌለ ስራ የለውም፣ ኢንፑት ሲበራ ሲጠፋ ማየት አለበት፣ የሴንሰሩ ምልክት መምጣቱን ማየት አለበት፣ ስለዚ በሩ ክፍት ፓወሩ ኦን ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ እዛው ነው። ኮሚሽኒንግ ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ተሞክሮ ስራ ሲጀምር፣ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ አይን፣ ከኋላ «መቼ ነው ሚነሳው» እያለ ሚጠይቅ ማናጀር፣ ጎን ላይ ሌላ ኬብል ሚጎትት ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ።

በተለይ ምታዘበው ነገር ቢኖር የ24 ቮልት ልማድ ነው። ኮንትሮል ሰው ቀኑን ሙሉ 24 ቮልት ዲሲ ሲነካካ ይውላል፣ ተርሚናል ሲፈታ ሲያስር፣ በጃምፐር ሲሞክር ምንም አይነዝረውም። በዛው እጁ ይለምዳል። ችግሩ ያው ፓናል ውስጥ ያው የተርሚናል አይነት፣ ያው ቀጭን ሽቦ፣ አንዳንዴም ያው ቀለም ሽቦ ላይ 230 ቮልት መኖሩ ነው። ሰውነትህን በ1000 ኦም ብታሰላው 230 ቮልት ማለት 230 ሚሊ አምፒር ነው። ለማነፃፀር ያህል ሰው ከረንት መኖሩ ሚሰማው ግማሽ ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው፣ ወደ 10 ሚሊ አምፒር ሲጠጋ ጡንቻው ተጨማዶ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፣ ከ30 በላይ ሆኖ ጥቂት ከቆየ ደግሞ ጉዳዩ የልብ ምት ጉዳይ ይሆናል። «አርሲዲ አለው አይደል» ሚል ሰው አይጠፋም፣ ከረንት ሲያፈተልክ መስመሩን ሚቆርጠውን መከላከያ ማለቱ ነው። አርሲዲ ሚያየው ወደ ኧርዝ ሚያፈተልከውን ከረንት ብቻ ነው፣ አንዱ እጅህ ፌዝ ሌላው ኒውትራል ላይ ከሆነ ለእሱ አንተ እንደማንኛውም ሎድ ነህ፣ እንደ አምፖል ነው ሚቆጥርህ። ደግሞም ብዙ ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ያለባቸው ማሽኖች ዋና መስመር ላይ በተፈጥሯቸው ሊኬጅ ስላላቸው 30 ሚሊ አምፒሩ አርሲዲ ብዙ ጊዜ አይገጠምም።

24 ቮልቱም ራሱ ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። አይነዝርም እሺ፣ ግን ባትሪ ያለበት ከሆነ እና ጣትህ ላይ ቀለበት ካለ፣ ወይ የብረት ማሰሪያ ያለው ሰአት ካለ፣ ቀለበቱ በፖዘቲቩ እና በፓናሉ ብረት መሀል ሲገባ ብየዳ ነው ሚሆነው። ከረንቱ በሰውነትህ አያልፍም፣ በቀለበቱ ነው ሚያልፈው፣ ቀለበቱ ግን ጣትህ ላይ ነው ያለው። ፓናል ከመክፈትህ በፊት ቀለበት፣ ሰአት፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ አውልቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ «አጥፍቼዋለሁ» ወደሚለው ቃል። ፓናል በር ላይ ያለውን ትልቁን ቀይና ቢጫ እጀታ ወደ ኦፍ አዙሮ «በቃ ጠፍቷል» ማለት ፓናል ውስጥ ከሚፈጠሩት የእምነት ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ነው። እጀታው ሚቆርጠው ከሱ በኋላ ያለውን ነው። ከሱ በፊት ያለው፣ ማለትም ገቢው ኬብል የታሰረበት የማብሪያው ላይኛ ተርሚናል፣ ሙሉ ቮልቴጁን ይዞ እዛው ከአንተ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ክዳን ከሌለው ካቻቢቴ ቢወድቅ ሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ይሄን እንኳን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ይረሳል፣ እሱም ፓናሉ በአንድ መስመር ብቻ እንደማይመገብ።

እስቲ አንድ ተራ የፓምፕ ፓናል አስቡ። ዋናው ገቢ ሶስት ፌዝ 400 ቮልት። የውስጥ መብራቱ እና የላፕቶፕ ሶኬቱ ግን ጥገና ሲሰራ እንዲበራ ተብሎ ከማብሪያው በፊት ወይ ከሌላ ብሬከር ነው ሚመጣው። እርጥበት እንዳይዝ የተገጠመችው ትንሽዬ ሂተር እንደዛው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ደግሞ ጭራሽ ሞተሩ ሲቆም ነው ሚበራው፣ ስለዚ አንተ ጠፋ ስትል እሱ ነቃ። ከዛ ኢንተርሎኩ አለ፣ ጎን ያለው ማሽን «እየሰራሁ ነው» ሚል ምልክት ለዚህኛው ይልካል፣ ምልክቱ ድራይ ኮንታክት (የራሱ ቮልቴጅ የሌለው ኮንታክት) ነው ይባላል፣ ኮንታክቱ ላይ ያለው 230 ቮልት ግን የጎረቤት ፓናል 230 ቮልት ነው፣ የአንተ እጀታ አያውቀውም። በመጨረሻም ዩፒኤስ። ዩፒኤስ ማለት እኮ ፓወር ሲጠፋ እንዳይጠፋ ተብሎ የተገዛ እቃ ነው፣ አንተ እጀታውን ስታጠፋ እሱ ስራውን ጀመረ ማለት ነው። ቤቱ አምስት በር እያለው የፊተኛውን ቆልፎ መተኛት ነው ነገሩ።

ይሄ ነገር ለስታንዳርድ ፀሀፊዎቹም አልተሰወረም። የማሽን ኤሌክትሪክ እቃዎችን ሚመለከተው አለም አቀፍ ስታንዳርድ፣ አይኢሲ 60204-1፣ ዋና ማብሪያው ሲጠፋ ፓወር ይዘው ሚቀሩትን መስመሮች ነጥሎ ያያቸዋል፣ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ፣ ከሌሎቹ እንዲለዩ ይላል፣ ሽቦ በቀለም ሚለይ ከሆነ ደግሞ ለነሱ ብርቱካናማ ቀለም ይመክራል። ስለዚ ፓናል ከፍታችሁ ብርቱካናማ ሽቦ ካያችሁ «ጌጥ ነው» ብላችሁ አትለፉ፣ «እጀታው እኔን አይመለከተኝም» እያለህ ነው ሽቦው። ችግሩ ግን በተቃራኒው አይሰራም፣ ብርቱካናማ የለም ማለት የውጭ ቮልቴጅ የለም ማለት አይደለም። ፓናሉን የሰራው ሰው ቀለሙን ጠብቆ ሊሆን ይችላል፣ ከአመታት በኋላ ኢንተርሎክ የጨመረው ሰው ግን እጁ ላይ በነበረው ሽቦ ነው የሰራው። ድሮዊንጉ ላይም አላስገባውም። የድሮዊንግ ነገር ባይነሳ ይሻል ነበር፣ ፓናል ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት እና ፓናሉ ከተለያዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል።

ቀጥሎ ኢንቨርተር፣ ቪኤፍዲ ምንለው። 400 ቮልት ገብቶ ሬክቲፋይ ሲደረግ፣ ማለትም ከኤሲ ወደ ዲሲ ሲቀየር፣ ውስጥ ያለው ዲሲ ባስ (የዲሲው መስመር) ወደ 565 ቮልት ይደርሳል፣ ይሄ ቮልቴጅ ትላልቅ ካፓሲተሮች ውስጥ ተከማችቶ ነው ሚቀመጠው። ፓወር ስትቆርጥ ወዲያው ባዶ አይሆንም። አይኢሲ 60204-1 እንዲህ አይነት የተጠራቀመ ቮልቴጅ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 60 ቮልት ወይ ከዛ በታች እንዲወርድ ይጠይቃል፣ ካልቻለ ደግሞ ምን ያህል ደቂቃ መጠበቅ እንዳለብህ ሚገልፅ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ ይላል፣ ኢንቨርተሮቹ ላይ ምናየው «5 ደቂቃ ጠብቅ» «15 ደቂቃ ጠብቅ» ሚለው ፅሁፍ የዛ ውጤት ነው። ዲስፕሌዩ ጠፋ ማለት ባሱ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፣ ይሄን ደጋግሜ ነው ምለው። ደቂቃው ካለፈ በኋላም ቢሆን ዲሲ ፕላስ እና ማይነስ ተርሚናሎቹ ላይ በሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ነው፣ ምክንያቱም ካፓሲተሮቹን ባዶ ሚያደርገው ማስወጫ ሬዚስተር ራሱ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሩብ ሰአት አይደለም ግማሽ ቀንም ብትጠብቅ ላይወርድ ይችላል።

እዚሁ ላይ ሌላ የተለመደ ማምታቻ አለ፣ ኢመርጀንሲ ስቶፕ። እንጉዳይ ሚመስለውን ቀይ ቁልፍ ተጭኖ ሞተር ተርሚናል ሚከፍት ሰው አለ። ኢመርጀንሲ ስቶፑ ብዙ ጊዜ ኮንትሮሉን ነው ሚያቋርጠው ወይ ኢንቨርተሩ ላይ ኤስቲኦ ሚባለውን ግብአት ይቆርጣል። ኤስቲኦ ሞተሩ ቶርክ (የማዞር ሀይል) እንዳይሰጥ ያደርጋል፣ ቮልቴጁን ግን አይነጥልም። ማሽኑ ቆሟል፣ ኤሌክትሪኩ አልቆመም። ፋን ከሆነ ደግሞ ነፋሱ እያዞረው ይቆይና ሞተሩ ፐርማነንት ማግኔት ከሆነ ራሱ ጀነሬተር ሆኖ ወደ ኋላ ቮልቴጅ ይልካል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ምንጭ ካለ ማመን ያለብህ እጀታውንም ድሮዊንጉንም ጓደኛህንም አይደለም፣ ሜትሩን ነው። ሜትሩንም ቢሆን ዝም ብለህ አይደለም። ስርአቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቴስተሩን ቮልቴጅ እንዳለው በምታውቀው ቦታ ሞክረው፣ ከዛ ምትሰራበትን ቦታ ለካ፣ ዜሮ አለህ፣ ከዛ ተመልሰህ ያንኑ ቮልቴጅ ያለውን ቦታ ለካ። ለምን መመለስ አስፈለገ ካልክ፣ ፊውዙ መሀል ላይ ተቃጥሎ ወይ የፕሮቡ ሽቦ ውስጡ ተበጥሶ ቢሆንስ? የተበላሸ ሜትር እና የጠፋ ፓናል ዲስፕሌይ ላይ አንድ አይነት ነው ሚያሳዩት። መለካት ሲባልም ፌዝ ከኧርዝ ብቻ አይደለም። ሶስት ፌዝ፣ ኒውትራል እና ኧርዝ ካለህ በሁለት በሁለት ስታጣምራቸው 10 ልኬት ነው። አሰልቺ ነው፣ አዎ። ግን አንድ ፌዝ ብቻ ያልቆረጠ ኮንታክት ያለው ማብሪያ ሚያዘው እንደዚህ ነው፣ ኒውትራል ላይ ተመልሶ ሚመጣ ቮልቴጅም እንደዚሁ። ከዛ ምትነካቸውን ተርሚናሎች ደግሞ እያንዳንዳቸውን፣ ምክንያቱም የኢንተርሎኩ 230 ቮልት ዋናው መስመር ላይ አይታይም።

ስለ መሳሪያው ደግሞ ትንሽ ልሳደብ። ኪስ ውስጥ ምትገባዋ ሳትነካ ምትጮህ ቴስተር ብዕር ለፍለጋ ጥሩ ናት፣ «የቱ ጋ ነው መስመሩ» ለማለት። ጠፍቷል ብሎ ለመወሰን ግን አትሆንም፣ ዲሲን ጭራሽ አታይም፣ ሺልድ ያለው ኬብል ላይ አትጮህም። የኢንቨርተር ዲሲ ባስ ላይ አስቀምጠሃት ዝም ብትል ዝምታዋ ምንም አይነግርህም። መልቲሜትሩ ደግሞ ካት 3 ይሁን፣ ከምትለካው በላይ በሆነ ቮልቴጅ፣ 600 ወይ 1000 ሚል የተፃፈበት። ካቱ ዝም ብሎ ማርኬቲንግ አይደለም፣ መስመሩ ላይ ድንገት ሚመጣውን የቮልቴጅ ዝላይ ሜትሩ ሳይፈነዳ መቻሉን ነው ሚያመለክተው። ፅሁፉ ላይ ብቻ ካት 3 የሆኑ ውስጣቸው ግን ትንሽዬ የመስታወት ፊውዝ ያለባቸው ርካሽ ሜትሮች አሉ። ለምን ይሄ አስፈለገ፣ ሜትር ላይ ከሚፈጠሩት ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ከረንት ለክቶ ቀዩን ሽቦ አምፒር ቀዳዳ ላይ ረስቶ ቀጥሎ ቮልቴጅ መለካት ነው። ያኔ ሜትሩ ማለት አጭር ሽቦ ነው፣ በእጅህ የያዝከው ሾርት። ትክክለኛ ፊውዝ ያለው ሜትር ፊውዙ ይሄድና ትበሳጫለህ። የሌለው ፊትህ ላይ ነው ሚፈነዳው። የፕሮቡ ጫፍም ረጅም እርቃን ብረት ከሆነ ሁለት ተርሚናል አንድ ላይ ይነካል፣ ለዚህ ነው ጫፉ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወጥቶ ሌላው የተሸፈነው ሚመረጠው።

ሌላ ሰው ሚያደናግር ነገር ጎስት ቮልቴጅ ነው። ረጅም ኬብል ሌላ ፓወር ካለው ኬብል ጎን ሲሄድ በካፓሲቲቭ ኩፕሊንግ ትንሽ ቮልቴጅ ይያያዝበታል፣ ዲጂታል ሜትር ደግሞ ውስጡ 10 ሜጋ ኦም አካባቢ ስለሆነ እሷንም ያነባታል፣ 70 ቮልት 90 ቮልት ምናምን ያሳይሃል። እዚህ ላይ ነው አደገኛው ልማድ ሚጀምረው፣ «እሱ ጎስት ነው፣ ተወው» ማለት። ሁሉም ነገር ጎስት እየተባለ አንድ ቀን እውነተኛው ይመጣል። ሎዚ ሚባል ሞድ (የሜትሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ዝቅ ሚልበት) ያለው ሜትር ወይ ባለ ሁለት ፕሮብ ቮልቴጅ ቴስተር ካለህ ትንሽ ሎድ ስለሚስብ ጎስቱ ይጠፋል፣ እውነተኛው ይቀራል። ካልጠፋ እጅህን ሰብስብ።

ስለ ቁልፍ ብዙ አልልም፣ በሁሉም ቦታ ስለሚነገር። ሎክአውት ታግአውት አሜሪካ ውስጥ በ1989 የሰራተኞች ደህንነት መስሪያ ቤቱ ኦሻ ደንብ አድርጎ ካወጣው ቆይቷል፣ ሀሳቡም ያው ነው፣ ምንጩን ቆርጠህ በራስህ ቁልፍ ትቆልፋለህ፣ መክፈቻው አንተ ኪስ ነው። እኔ ምጨምረው ፕሮግራመሩን በሚመለከት ብቻ ነው። ሶስት ቴክኒሻን ቁልፋቸውን ሰቅለው እሱ «እኔ ላፕቶፕ ላይ ነኝ» ብሎ ሳይሰቅል ሲገባ አየህ? እነሱ ጨርሰው ቁልፋቸውን ያነሳሉ፣ ሁሉም ሰው የወጣ መስሏቸው ያበራሉ፣ እሱ ግን ከማሽኑ ኋላ ሴንሰር እያስተካከለ ነው። በተቃራኒውም አለ፣ ሌላው ሰው ማሽን ውስጥ እያለ ፕሮግራመሩ ከስክሪኑ አንድ አውትፑት ፎርስ ያደርጋል፣ ማለትም በግድ ያበራዋል። ቫልቩ ይከፈታል፣ ሲሊንደሩ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ሲታይ ላፕቶፑም የፓወር ምንጭ ነው ብዬ ማስብበት ጊዜ አለ።

አሁን ደግሞ ማንም ማውራት ማይፈልገው አርክ ፍላሽ። ንዝረት እንዲደርስብህ መንካት አለብህ፣ አርክ ግን ሳትነካው ይደርስብሃል። ሁለት ፌዝ በብረት ሲገናኙ፣ የወደቀ ብሎን፣ ያመለጠ ፒንሳ፣ መዳቡ ተንኖ አየሩ ራሱ ከረንት ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ሙቀቱ በሺዎች ዲግሪ ነው፣ የተነነው መዳብ በብዙ ሺ እጥፍ ስለሚለጠጥ ግፊት፣ የቀለጠ ብረት እና ጆሮ ሚያደነቁር ድምፅ ይዞ ይወጣል። ራልፍ ሊ ሚባል ኢንጂነር በ1982 አርኩ ሰውን በምን ያህል ርቀት እንደሚያቃጥል አስልቶ እስኪያሳይ ድረስ ኢንዱስትሪው ኤሌክትሪክ ማለት ንዝረት ብቻ አድርጎ ነበር ሚያስበው ማለት ይቻላል። ዛሬ ስሌቱ አይትሪፕልኢ 1584 በሚባለው ስታንዳርድ ይሰራል፣ መጀመሪያ በ2002 ወጥቶ በ2018 የተከለሰው፣ መነሻውም በካሬ ሴንቲ ሜትር 1.2 ካሎሪ ነው፣ ቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ሚጀምርበት። አንዳንዶች «ትንሽ ፓናል ነው እኮ» ይላሉ። የፓናሉ ስፋት አይደለም ወሳኙ፣ ከኋላው ያለው ትራንስፎርመር ምን ያህል ሾርት ከረንት መስጠት እንደሚችል እና ብሬከሩ በስንት ጊዜ እንደሚቆርጥ ነው። ዘግይቶ ሚቆርጥ ብሬከር ያለው ትንሽ ፓናል ቶሎ ሚቆርጥ ካለው ትልቅ ፓናል ሊብስ ይችላል።

ታዲያ ፕሮግራመሩ ምን ለብሶ ነው ሚቀመጠው? ፖሊስተር ቲሸርት፣ የድርጅቱ ሎጎ ያለበት። ፖሊስተር ሲቃጠል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ተራ ጥጥም መፍትሄ ነው አልልም፣ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ግን ቢያንስ አይቀልጥም። ትክክለኛው የአርክ ልብስ ነው፣ ስሌቱ በሚለው ደረጃ። ጓንት ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ላስቲክ ጓንት፣ ክላስ 0 እስከ 1000 ቮልት ኤሲ ነው፣ ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረባል፣ ከመልበስህ በፊት አየር ሞልተህ ጠቅልለህ ቀዳዳ እንደሌለው ታያለህ። ማብሪያ ስታበራም በሩ ተዘግቶ፣ አንተ ወደ ጎን ቆመህ፣ ፊትህን ከበሩ አዙረህ። ነፃ ነው፣ ምንም ወጪ የለውም፣ ግን ፊት ለፊት ቆሞ አይኑን አፍጥጦ ብሬከር ሚያነሳ ሰው ነው ሁሌ ማየው።

ግን እውነት ለመናገር ልብስና ጓንት ላይ ብዙ ማውራት ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም ፕሮግራመር በአርክ ልብስ እና በላስቲክ ጓንት ኪቦርድ ሲመታ አስቡት። አይሆንም። አያደርገውም። ስለዚ ጥያቄው መሆን ያለበት «ምን ይልበስ» ሳይሆን «ለምንድነው በሩ የተከፈተው» ነው። ቁጭ ብዬ አንድ ኮሚሽኒንግ ላይ ሰዎች በር ሚከፍቱበትን ምክንያት ታዝቤ ነበር። ላፕቶፕ ኬብል ለመሰካት፣ የፒኤልሲ መብራቶችን ለማየት፣ ኢንቨርተር ኪፓድ ላይ ፎልት ለማንበብ፣ የጣለ ኦቨርሎድ (የሞተር መከላከያ) ሪሴት ለማድረግ፣ ላፕቶፕ ቻርጅ ለማድረግ። ከነዚህ ውስጥ አንዱም 400 ቮልት ጋ ምንም ጉዳይ የለውም! ሁሉም ወደ ሳጥኑ ሚገቡት ሌላ ቦታ ስላልተሰጣቸው ብቻ ነው።

ስለዚ ዲዛይን ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ኳሱ እናንተ ጋ ነው። በሩ ላይ ክዳን ያለው የኢተርኔት ፖርት አውጡ፣ ከጎኑ ሶኬት። የኢንቨርተሩን ኪፓድ በኤክስቴንሽን ኬብል በሩ ላይ ግጠሙት፣ ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ኪቱ አላቸው። ሪሴት ቁልፉን አውጡት። የፎልት መልእክት ኤችኤምአይ (የማሽኑ ስክሪን) ላይ በደንብ ይፃፍ፣ «ፎልት 17» ብቻ ሚል ስክሪን ሰው ፓናል እንዲከፍት ሚጋብዝ ስክሪን ነው፣ የቱ ሞተር፣ የቱ ብሬከር፣ ለምን የሚለውን ብትፅፍ ግማሹ በር መክፈት ይቀራል። ይሄ እንግዲህ ፕሮግራመሩ ራሱ በሶፍትዌር ሚሰራው የኤሌክትሪክ ሴፍቲ ነው።

ከሁሉም ሚበልጠው ግን መለያየት ነው። ፓወሩን አንድ ሳጥን፣ 24 ቮልቱን ፒኤልሲውን ሌላ ሳጥን፣ ወይ ቢያንስ በመሀላቸው የብረት ግድግዳና የየራሳቸው በር። ኮንትሮሉ ሳጥን ውስጥ ከ24 ቮልት በላይ ምንም እንዳይገባ፣ ሶሌኖይዱም፣ ኢንተርሎኩም፣ የጎረቤት ፓናል ምልክትም በኢንተርፖዚንግ ሪሌይ (ቮልቴጁን ነጥሎ ምልክቱን ብቻ ሚያሳልፍ ሪሌይ) በኩል 24 ሆኖ እንዲገባ። እንደዚህ ከሆነ ፕሮግራመሩ ቀኑን ሙሉ በሩን ከፍቶ ቢቀመጥ ብዙም አልጨነቅም። ሰው «ሁለት ሳጥን ውድ ነው፣ ቦታ ይፈጃል» ይላል፣ ልክ ነው ይፈጃል። ቦታ ከሌለ ፓወር ያለበት ክፍል ጣት ማያስገባ ይሁን፣ አይፒ2ኤክስ ሚባለው፣ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ የመሞከሪያ ጣት ላይቭ ክፍል መንካት እንዳይችል ማለት ነው። የማብሪያው ላይኛ ተርሚናል ላይ ክዳን፣ ባስባሩ (ፓወር ሚያከፋፍለው የመዳብ ዘንግ) ላይ ግልፅ ፕላስቲክ። የተፈታ ክዳን መልሶ መግጠም ደግሞ የስራው አካል ነው፣ ፓናል ስር ወድቀው ሚገኙትን ክዳኖች ብዛት ብትሰበስቡ ሌላ ፓናል ይሸፍናሉ።

ከውጭ ሚመጣ ቮልቴጅ ያለባቸው ተርሚናሎች ለብቻቸው በአንድ ስትሪፕ ይሁኑ፣ ክዳን ይኑራቸው፣ ከየት ፓናል ከየትኛው ብሬከር እንደመጡ እዛው ላይ ይፃፍ። «ጥንቃቄ የውጭ ቮልቴጅ» ብቻ አይበቃም፣ የት ሄጄ ላጥፋው? በር ላይ ሶስቱ ፌዞች መኖራቸውን ሚያሳዩ መብራቶችም ጥሩ ናቸው፣ ሲበሩ «አለ» ማለት ነው፣ ሲጠፉ ግን «የለም» ማለት አይደለም፣ አምፖሉ ሊሆን ይችላል የተቃጠለው። አሁን አሁን ራሱን ሚፈትሽ የቮልቴጅ አለመኖር መፈተሻ በቋሚነት በሩ ላይ ሚገጠም አለ፣ እሱ ተፈትሾ አረንጓዴ ካሳየ በሩን ሳትከፍት ማወቅ ትችላለህ፣ ግን እሱም ሚያውቀው የተገጠመበትን መስመር ብቻ ነው፣ ያ የጎረቤት 230 ቮልት ለእሱም አይታይም።

ከረንት ትራንስፎርመር (ትልቅ ከረንት ለመለኪያ አሳንሶ ሚሰጥ) ያለበት ፓናል ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ሰከንደሪውን፣ ወደ ሜትሩ ሚሄደውን ጎን፣ ፓወር እያለ እንዳትከፍቱ። አምፒር ሜትር ለመቀየር ብሎ ሁለት ሽቦ ፈታ ማድረግ ቀላል ይመስላል፣ ሰከንደሪው ክፍት ሲሆን ግን ሺ ቮልቶች ሊፈጥር ይችላል። ሾርቲንግ ተርሚናሉ ለዛ ነው የተቀመጠው፣ መጀመሪያ ሾርት አድርጉት ከዛ ፍቱ።

ብቻችሁን አትስሩ ሚለውንም ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን አብሮህ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ካላወቀ ሁለት ተጎጂ ነው ሚሆነው። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት የለም፣ መጀመሪያ ፓወር መቁረጥ። ስለዚ ስራ ሳይጀመር ያ ሰው የትኛውን ብሬከር እንደሚጥል በጣቱ ጠቁሞ ያሳይህ። ልብ ማሳጅ ማድረግ ይወቅ፣ ኤኢዲውም (ልብን በኤሌክትሪክ ወደ ምቱ ሚመልሰው መሳሪያ) የት እንዳለ ይወቅ። ተነዝሮ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ስራው ሚመለስ ሰው ካለም ሀኪም ጋ ይሂድ፣ የልብ ምት መዛባት ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም።

ይሄ ሁሉ አዲስ ፓናል ላይ ነው፣ እኛ ጋ ያሉት ግን አሮጌ ናቸው ምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባኛል። አሮጌ ላይ እኔ መጀመሪያ ማደርገው የውጭ መስመሮችን ማደን ነው። ለጥገና ሁሉም ሚቆምበት ቀን ሲመጣ የፓናሉን ዋና ማብሪያ አጥፍታችሁ ቆልፋችሁ፣ ጎረቤት ማሽኖቹ ግን ገና ሳይጠፉ፣ ጓንቱን አድርጋችሁ ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ ለኩ፣ ቮልቴጅ ያገኛችሁበትን ሁሉ ምልክት አድርጉ፣ ከየት እንደመጣ ተከታተሉ፣ ድሮዊንጉ ላይ በቀይ ፃፉት። ማሽኖቹ ቆመው ከሆነ ግን «እየሰራሁ ነው» ሚለው ኮንታክት ክፍት ስለሚሆን ቮልቴጁ አይታያችሁም፣ ስለዚ እየሰሩ ሳሉም ቆመውም ብትለኩ ነው ሚሻለው። ከዛ የጎደሉትን የተርሚናል ክዳኖች፣ ከዛ በሩ ላይ ፖርት ማውጣት። በር ለመብሳት ግን ፓናሉ ከዋናው ምንጭ ጠፍቶ ይሁን፣ ውስጡም በደንብ ይሸፈን፣ ከተቻለ በሩን ከማጠፊያው ነቅላችሁ ውጭ ወስዳችሁ ብሱት፣ ድሪሉ ሚያወጣው የብረት ብናኝ ኮንታክተር ውስጥ ወይ ኢንቨርተር ፋን ውስጥ ገብቶ ዛሬ ሳይሆን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሾርት ሚፈጥረው፣ ያኔ ደግሞ ማንም ከዛች ቀዳዳ ጋር አያገናኘውም።